ጠርሙሱ ላይ የተጻፈው

በሐረር ከፈረስ መጋላ የሚወርደው መንገድ መኪና ግርግር ይባላል፤ ስሙ ከስፌት መኪና ድምፅ የመጣ ነው። እዚያ ልብስ ሰፊ ሙያውን የሚያሻሽለው መኪናው ላይ ቁጭ ብሎ ነው።

የዩኒቨርሲቲ ሠራተኛም ሥራ ከያዘ በኋላ ይማራል። ጥቂት ቀን ተሰብስቦ፣ እየሠሩ መማማር «ዐውደ ጥናት» ይባላል። ለመምህራንማ በ1996 ዓ.ም. ዓመት የሚፈጅ የማስተማር ዘዴ ሥልጠና ተጀምሮላቸዋል፤ ደግ ነገር ነው።

የጽዳት ሠራተኛዋስ? የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የጤና ኮሌጅ ያለው እዚሁ ሐረር ነው። የጤና ትምህርት ያለ ላቦራቶሪ አይሆንም፤ ላቦራቶሪ ደግሞ አሲድ አለው። ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ያላነበበች ሴት እጇ ይቃጠላል። ጠንካራ አሲድ ላይ ውሃ ብትደፋበትማ ፈልቶ ፊቷ ላይ ይፈናጠራል።

ስለዚህ እኛ ተማሪዎች የፊተኛው ወንበር ለእሷ ይሁን እንላለን። ትምህርቱም በአዳራሽ ሳይሆን እዚያው ጠርሙሱ አጠገብ፣ ኦሮምኛም ሆነ ሐረሪ፣ በምትናገረው ቋንቋ ይሰጣት።