ፍሬ ለማን ይበስላል?

ልጆች፣ ፍሬ ምንድን ነው ስንባል ብዙዎቻችን ማንጎ፣ ብርቱካን፣ ፓፓያ እያልን ጣፋጭ ጣፋጩን እንቆጥራለን። ፍሬን ፍሬ የሚያሰኘው ግን ጣዕሙ ሳይሆን አመጣጡ ነው። ተክል መጀመሪያ ያብባል። በአበባው መሐል ወደፊት ዘር የሚሆነውን የያዘች ትንሽ ክፍል አለች። ንብ ወይም ነፋስ ያመጣው የአበባ ብናኝ ሲደርሳት አበባው ይረግፋል፤ እሷ ግን ታብጣለች፣ ዘሩንም በሆዷ ታሳድጋለች። ፍሬ የምንለው ይህችን ነው። ስለዚህ ወጥ ውስጥ የሚገቡት ቲማቲም፣ ቃሪያና ዱባም ፍሬ ናቸው፤ ሲከፈቱ ዘራቸው ይታያል።

ተክሉ ይህን ሁሉ የሚደክመው ለምንድን ነው? ዘሩ ሩቅ እንዲሄድለት ነው። ዘሩ ሁሉ እናቱ ሥር ቢወድቅ ጥላዋ ፀሐይ ይከለክለዋል፤ ውሃውንም ይሻማሉ። ተክል ደግሞ እግር የለውም፤ ተሸካሚ ያስፈልገዋል። ለተሸካሚው የሚከፍለው ዋጋ የፍሬው ጣፋጭ ሥጋ ነው። የቡና ፍሬን ተመልከቱ፦ ዘሩ እስኪደርስ አረንጓዴ ሆኖ ከቅጠሉ ጋር ይመሳሰላል፤ ሲደርስ ይቀላል። ያኔ ወፎችና ጦጣዎች ቀዩን አይተው ይመጣሉ፤ ስሱን ጣፋጭ ሥጋ ይበላሉ፤ ዘሩን ሌላ ቦታ ይጥሉታል። ፍሬ ሳይበስል የሚመርና የሚኮመጥጥ መሆኑም ያልደረሰው ዘር ያለጊዜው እንዳይወሰድ ይጠብቀዋል። ሥጋ የሌለው ፍሬም መላ አያጣም፤ ጭጎጊት በከብት ፀጉርና በሰው ልብስ ላይ ተጣብቆ ይጓዛል።

«ፍሬ ለመበላት ከሆነ ቃሪያ ለምን ያቃጥላል?» የሚል ልጅ ጥሩ ጠይቋል። ቃሪያ ወፍን አያቃጥልም! ወፍ ጥርስ ስለሌላት ዘሩን ሳታደቅ ትውጠዋለች፤ ከኩሷ ጋርም ራቅ አድርጋ ትጥለዋለች። ማቃጠሉ ዘሩን በጥርሳቸው የሚፈጩትን እንስሳት ያርቅለታል። «ሙዝስ? ዘር የለውም እኮ!» ይባል ይሆናል። የዱር ሙዝ በጠንካራ ዘር የተሞላ ነው። የምንበላውን ሙዝ ግን ሰዎች ዘር አልባውን እየመረጡ፣ ከሥሩ የሚወጣውን ቡቃያ እየነቀሉ በመትከል አበዙት። ከቦታ ቦታ የሚያደርሰው ሰው ስለሆነ ዘር ባይኖረውም አልጠፋም። እንግዲህ ፍሬ ከሁሉ በፊት የሚበስለው ለዘሩ ነው፤ እኛ የምንበላው ዘሩን የማድረሻ ዋጋውን ነው። ማንጎ በልቶ ዘሩን አፈር ውስጥ የሚተክል ልጅ ዛፉ የፈለገውን ሥራ በትክክል ሠርቶለታል።