ቆሻሻን በአደባባይ ስለ መጣልና ስለ ቅጣቱ

ባለፈው ዓመት በሰኔ ወር ከትምህርት ቤት ስመለስ፣ ኦቾሎኒ የበላሁበትን ወረቀት በአውቶቡስ ማቆሚያው አጠገብ ጣልሁ። አንዲት መንገድ የሚጠርጉ እናት ጎንበስ ብለው አነሡትና አንድ ቃል እንኳ ሳይናገሩኝ አለፉ። የቀጣኝ ሰው አልነበረም፤ ሆኖም እጅግ አፈርሁ። ከዚያ ወዲህ ሕግ ስለዚህ ነገር ምን እንደሚል መመርመር ጀመርሁ፤ ያገኘሁትንም ላካፍላችሁ እወዳለሁ።

በአገራችን በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513፣ የቆሻሻ ማጠራቀሚያ ባለበት ስፍራ ማንም ሰው በመንገድ፣ በመናፈሻ፣ በአውቶቡስ ማቆሚያና በስፖርት ሜዳ ቆሻሻ እንዳይጥል ከልክሎ ነበር። እንግዲህ ሕጉ እግረኛውን ተጠያቂ ያደረገው መጣያ ሲኖር መሆኑን ልብ እንበል። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በአዲስ አዋጅ ፌስታል ተከለከለ፤ ይዞ የተገኘ ሰውም ከ2,000 እስከ 5,000 ብር እንዲቀጣ ተደነገገ። ይህም ያለ ምክንያት አይደለም። ፌስታል ቶሎ አይበሰብስምና ቦይ ውስጥ ገብቶ ይደፍነዋል፤ ዝናብ በጣለ ጊዜም ጎርፉ መሄጃ አጥቶ ወደ ሰው ቤት ይገባል።

ከሌሎች አገሮች መካከል በዚህ ሕግ ጥብቅነት ስሟ የሚጠራው ሲንጋፖር ናት። በዚያ አገር በመንገድ ላይ ቆሻሻ የጣለ ሰው ለመጀመሪያ ጥፋቱ እስከ 2,000 የሲንጋፖር ዶላር ሊቀጣ ይችላል። ከ1992 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ ፍርድ ቤቱ ጥፋተኛው ደማቅ ሰደርያ ለብሶ በሕዝብ ፊት የአደባባይ ቦታ እንዲያጸዳ ሊያዝዝበት ይችላል።

እኔ ከሁለቱ ይልቅ የሚያስተምረው ሁለተኛው ነው እላለሁ። የገንዘብ ቅጣት ድኻውን ሲጎዳ፣ ሀብታሙ ግን ከፍሎ ይረሳዋል። መጥረጊያ የጨበጠ ሰው ግን ቆሻሻው የማንን ወገብ እንደሚያጎብጥ በገዛ ወገቡ ያውቀዋል። አባቶቻችን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ያሉት ለዚህ ዓይነቱ ነገር ነው።

ስለዚህ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ መጣያ ባጣን ጊዜ እስክናገኝ ድረስ ቆሻሻችንን በኪሳችን እንያዝ፤ የከተማችን ሹማምንትም መጣያውን ያብዙልን። እኔም እኒያን እናት ይቅርታ ልጠይቃቸው ዘወትር በዚያ መንገድ አልፋለሁ፤ እስከ ዛሬ ግን አላገኘኋቸውም።