ከመሣሪያው ይልቅ ሰውየው

የሳይንስ ልብ ወለድ የሚባለው ድርሰት፤ የሰው ዕውቀት ወደ ፊት ሊሠራው የሚችለውን ነገር አስቀድሞ በሐሳብ ሠርቶ የሚያሳይ ነው። ስለዚህ ብዙ ሰዎች የድርሰቱ ዋና ነገር አዲሱ መሣሪያ ይመስላቸዋል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም።

እንግሊዛዊቷ ሜሪ ሼሊ በኤውሮፓ አቈጣጠር በ1818 ያሳተመችው መጽሐፍ፤ ቪክቶር ፍራንከንስታይን የሚባል ተማሪ ሕይወት የሌለውን አካል ሕያው እንዳደረገ ይተርካል። የጥበቡን ምሥጢር ግን መጽሐፉ አይገልጽም። አንባቢውን የሚይዘው፤ ሰውየው የእጁን ሥራ ባየ ጊዜ ደንግጦ መሸሹና ከሽሽቱ የተነሣ የመጣው ጥፋት ነው። ፈረንሳዊው ጁል ቬርንም በ1870 ታትሞ ባለቀው ድርሰቱ፤ በኤሌክትሪክ ኃይል ከባሕር በታች የሚሄድ መርከብ አሳየ። ዛሬ ከዚያ የሚበልጡ መርከቦች ስለ ተሠሩ መርከቡ ብዙ አያስደንቅም። አዛዡ ካፒቴን ኔሞ ግን፤ ዕውቀትን እየወደደ በበቀል የታሰረ ሰው በመሆኑ፤ እስከ ዛሬ አንባቢን ያከራክራል።

በአገራችንም ምሳሌ አይታጣም። ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» የሳይንስ ልብ ወለድ አይደለም። ይሁን እንጂ በዚህ የጎጃምን አኗኗር በሚተርክ መጽሐፍ ውስጥ፤ ካሣ ዳምጤ የነበረው ሥርዓት መለወጥ እንደሚገባው አስቀድሞ በመናገሩ ጉዱ ካሣ ተባለ። ንግግሩ በአንባቢ ልብ የቀረው፤ ስለ ቃሉ መናቅንና ብቸኝነትን በመቀበሉ ነው።

በአዊም ለእንዲህ ያለ ድርሰት የሚሆን ነገር ሞልቷል። በእንጅባራና በዳንግላ መካከል በሚገኘው በፋግታ ለኮማ ወረዳ፤ ገበሬው ከአውስትራልያ የመጣውን ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ ተክሎ፤ በአራትና በአምስት ዓመት ቈርጦ ከሰል ያከስላል፤ ከዚያም መሬቱን አርሶ እህል ይዘራበታል። በቅርብ ዓመታት ግን ዛፉን በሽታ ገባበት። እንግዲህ አንድ ደራሲ፤ በሽታ የማይነካው በአንድ ዓመትም የሚደርስ ችግኝ ያወጣ የእርሻ ሊቅ ቢያስብ፤ ገበሬው ተበድሮ ተከለ፤ አለቆቹም ሊቁን ሸለሙት። በኋላ ግን ዛፉ ምንጭ እንደሚያደርቅ ሊቁ ብቻውን ዐወቀ። ቢናገር ክብሩ ይቀራል፤ የተበደረውም ይጐዳል። ዝም ቢል መንደሩ ውኃ ያጣል።

ድርሰቱ የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው። ችግኙ የቱን ያህል ድንቅ ቢሆን፤ ታሪኩን የሚሸከመው የዚህ ሰው ልብ ነው። ጠንካራ ባለታሪክ ማለትም ጡንቻው የበረታ ወይም የማይሳሳት ማለት አይደለም፤ የሚወደውና የሚፈራው ነገር የታወቀ፤ መርጦም የምርጫውን ዋጋ የሚከፍል ማለት ነው።

ስለዚህ የወጣቶችን ድርሰት የሚመረምሩ መምህራንና ሹማምንት፤ «ምን አዲስ ነገር ተሠራ?» ብለው ከመጠየቃቸው በፊት፤ «የሠራው ሰው ምን መረጠ?» ብለው ቢጠይቁ ይገባል። እንዲህ ያለውን ድርሰት ያነበበ ወጣት፤ ነገ በእጁ አዲስ ጥበብ በገባ ጊዜ፤ ከመሸሽ ይልቅ ኃላፊነቱን መቀበልን አስቀድሞ ይማራልና።