ላፕቶፕ ልትገዙ ነው? «የትኛው ብራንድ?» ከማለታችሁ በፊት ይሄን አንብቡ

በተለይ ሐረር፣ ሐሮማያና ድሬዳዋ ያላችሁ ተማሪዎችና አዲስ ሠራተኞች፣ በውስጥ መስመር ደጋግማችሁ የምትልኩልን አንድ ጥያቄ አለ፦ «ኤችፒ ይሻላል ዴል? ሌኖቮስ እንዴት ነው? የማይበላሽ ንገሩን አቦ!» ዛሬ እሱን በዝርዝር እንመልሳለን። ትንሽ ረዘም ይላል፤ ግን ብራችሁን ከማውጣታችሁ በፊት 10 ደቂቃ ብትሰጡት አትከስሩም።

ጉዳዩ ቀላል አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው 1 ዶላር ከ100 ብር በላይ ሆኗል። ላፕቶፕ ደሞ በዶላር የሚገባ ዕቃ ነው። ስለዚህ ዛሬ አንድ ላፕቶፕ ማለት ለብዙ ቤት የእናት ዕቁብ፣ የወንድም የወራት ደሞዝ፣ ወይም ከውጭ የተላከ የዓመት ብር ነው። ሳይሆን ቢቀር ሌላ መግዣ የለም። የዩኒቨርሲቲ መውጫ ፈተና ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በኮምፒውተር ነው የሚሰጠው፤ የመመረቂያ ጽሑፍም በስልክ አይጻፍም። ስለዚህ በደንብ አስበን እንግዛ።

አጭሩ መልስ

«የማይበላሽ ብራንድ» የሚባል ነገር የለም። የሚበረክት ሞዴል፣ በደንብ የተያዘ ዕቃና በአካባቢያችን የሚጠገን ማሽን ግን አለ። በቃ፣ መፈለግ ያለብን እነዚህን ሦስቱን ነው።

ለምን? በ2009 እ.ኤ.አ. ስኩዌርትሬድ የተባለ የአሜሪካ የዋስትና ኩባንያ ከ30,000 በላይ ላፕቶፖችን አይቶ በ3 ዓመት ውስጥ ከ3 አንዱ ገደማ ችግር እንደሚገጥመው ገምቶ ነበር። ያኔ ከላይ የወጡት አሱስና ቶሺባ ናቸው፤ ከታች ደሞ ኤችፒ። ዛሬስ? የያኔው ጀግና ቶሺባ በ2020 እ.ኤ.አ. ከላፕቶፕ ሥራ ጨርሶ ወጥቷል፤ ቢዝነሱም ዳይናቡክ በሚባል ስም ነው የቀጠለው። ውድ የሚባለው አፕል ራሱ ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለተወሰኑ ዓመታት ባወጣቸው ማክቡኮች ላይ የኪቦርድ ችግር ገጥሞት፣ በነፃ የመጠገን ፕሮግራም ከመክፈቱም በላይ በ2022 እ.ኤ.አ. ክሱን ለመዝጋት 50 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል። ማለትም ስም ብቻውን ዋስትና አይሆንም።

ከዚያ ጥናት ሌላ ልብ በሉ የምንለው ነገር አለ፦ ከችግሮቹ አንድ ሦስተኛ ያህሉ የፋብሪካ ጉድለት አልነበሩም። መውደቅ፣ መጋጨት፣ ፈሳሽ መፍሰስ ናቸው። ይሄ በእኛው እጅ ያለ ነገር ነው።

አንድ ስም፣ ሁለት ዓይነት ዕቃ

ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ትልልቆቹ ብራንዶች ሁለት መስመር አላቸው። አንደኛው ለቤት የሚሸጥ ረከስ ያለ ነው፤ ሁለተኛው ለመሥሪያ ቤቶች የሚሠራ ጠንከር ያለ ነው።

• ኤችፒ፦ ለቤት ፓቪሊየን፤ ለመሥሪያ ቤት ፕሮቡክና ኤሊትቡክ
• ዴል፦ እስከ 2025 እ.ኤ.አ. በነበረው ስያሜ ለቤት ኢንስፓይሮን፤ ለመሥሪያ ቤት ላቲቲዩድ
• ሌኖቮ፦ ለቤት አይዲያፓድ፤ ለመሥሪያ ቤት ቲንክፓድ (ቲንክፓድን በ1992 እ.ኤ.አ. የጀመረው አይቢኤም ነው፤ ሌኖቮ የገዛው በ2005 እ.ኤ.አ. ነው)

የመሥሪያ ቤቱ መስመር ማጠፊያው ይጠነክራል፣ ኪቦርዱ ለብዙ ሰዓት ጽሕፈት ይመቻል። ትልቁ ጥቅሙ ግን መከፈቱ ነው፦ በብዙዎቹ ሞዴሎች ባትሪውን፣ ማስቀመጫውን፣ አንዳንዴም ራሙን መቀየር ይቻላል።

ጀጎል ውስጥ ማኪና ግርግርን የማያውቅ የለም። እዚያ ያሉት የስፌት መኪናዎች ዓመት ከዓመት የሚሠሩት ስማቸው ስለገነነ ብቻ አይደለም። ዘይት ይጠጣሉ፣ ያለቀው ዕቃ ይቀየራል፣ የሚያውቃቸው ባለሙያም አለ። ላፕቶፕም እንደዚያ ነው። ከአዲስ አበባ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀን ስንኖር «ዕቃው ይገኛል ወይ?» የሚለው ጥያቄ «ስሙ ማን ነው?» ከሚለው ይበልጣል። ኤችፒ፣ ዴልና ሌኖቮ በአገራችን ስለበዙ ጥገናና መለዋወጫም የሚቀለው ለእነሱ ነው። ከመግዛታችሁ በፊት ወደምታምኑት ጠጋኝ ጎራ በሉና «የዚህ ሞዴል ባትሪና ስክሪን ብፈልግ አገኛለሁ?» ብላችሁ ጠይቁ።

አዲስ ወይስ ዩዝድ?

በውጭ አገር ድርጅቶች ላፕቶፕ በየ3 እና 4 ዓመቱ ይቀይራሉ። አሮጌው ተሰብስቦ ይሸጣል፤ ብዙው በዱባይ በኩል አድርጎ እኛ ጋ «ስላይትሊ ዩዝድ» ተብሎ ይደርሳል። ቻርጀሩ ባለ ሦስት ጠፍጣፋ እግር ሆኖ የምታገኙት ለዚህ ነው።

የእኛ ምክር ግልጽ ነው፦ በተመሳሳይ ዋጋ ረከስ ያለ አዲስ የቤት ላፕቶፕና ጥሩ የተያዘ ዩዝድ ኤሊትቡክ፣ ላቲቲዩድ ወይም ቲንክፓድ ቢቀርብላችሁ፣ ብዙ ጊዜ ሁለተኛው ይሻላል። «ብዙ ጊዜ» ያልነው በምክንያት ነው፤ ካልፈተሻችሁት የሰው ችግር ነው የምትገዙት።

ቢያንስ ምን ይኑረው?

ለወርድ፣ ለኤክሴል፣ ለዙም፣ ለፊልምና ለጥናት፦ 8 ጊጋ ራም፣ 256 ጊጋ ኤስኤስዲ እና 8ኛ ጀነሬሽንና ከዚያ በላይ የሆነ ኢንቴል፣ ወይም በዚያው ዘመን የወጣ ኤኤምዲ ራይዘን። ሃርድ ዲስክ ያለውን ተዉት፤ ይንቀራፈፋል፣ እየሠራ ከተመታም ቶሎ ይጎዳል።

8ኛ ጀነሬሽን ለምን? ዊንዶውስ 10 ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. መደበኛ ድጋፉ አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደሞ ጥቂት ሞዴሎች ሲቀሩ ከ8ኛ ጀነሬሽን በታች ያለውን ኢንቴል በይፋ አይቀበልም።

ጀነሬሽኑን ለማወቅ ከስሙ ቀጥሎ ያለውን ቁጥር እዩ። 6300 ከሆነ 6ኛ፣ 8250 ከሆነ 8ኛ፣ 1135 ከሆነ 11ኛ ነው። «ኮር አይ 7 ነው!» ስለተባለ ብቻ አትደንግጡ። የ4ኛ ጀነሬሽን አይ 7 4600 ባለ 2 ኮር ነው፤ የ8ኛው አይ 5 8250 ግን ባለ 4 ኮር። አሮጌው አይ 7 በአዲሱ አይ 5 ይበለጣል።

ሱቅ ውስጥ የ15 ደቂቃ ፍተሻ

ሻጩ ቢቸኩልም እናንተ አትቸኩሉ።

1. ስቲከር አትመኑ። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤስኬፕን አንድ ላይ ተጫኑ። በሚከፈተው ታስክ ማናጀር «ፐርፎርማንስ» ውስጥ ትክክለኛው ፕሮሰሰር፣ ራምና የማስቀመጫው ዓይነት ተጽፏል።

2. ባትሪውን መርምሩ። ኮማንድ ፕሮምፕት ክፈቱና በእንግሊዝኛ ፊደል «ፓወርሲኤፍጂ» ብላችሁ፣ ክፍት ቦታ ትታችሁ፣ «ስላሽ ባተሪሪፖርት» ጻፉ። በሚወጣው ፋይል ላይ ባትሪው አዲስ ሲሆን የነበረው አቅምና አሁን ሞልቶ የሚይዘው ጎን ለጎን ይታያል። 50,000 የነበረው አሁን 25,000 ከሆነ ግማሹ ሄዷል፤ የባትሪ መቀየሪያ ከዋጋው ይቀነስላችሁ።

3. ቁልፍ እንዳለበት እዩ። አጥፍታችሁ ስታበሩ ኤችፒ ከሆነ ኤፍ 10፣ ዴል ከሆነ ኤፍ 2፣ ቲንክፓድ ከሆነ ኤፍ 1 ተጫኑ። የይለፍ ቃል ከጠየቀና ሻጩ የማያውቀው ከሆነ ተዉት። ዊንዶውስ እንደ አዲስ ሲጀምር የማታውቁትን ድርጅት ስም ጽፎ የሥራ አካውንት ከጠየቀም ተዉት፤ ድርጅቱ ገና አልለቀቀውም ማለት ነው። ማክቡክ ላይ ደሞ የቀድሞው ባለቤት አካውንት መውጣቱን አረጋግጡ።

4. ማጠፊያውን ከፍታችሁ ዝጉ፤ ከተንቋቋ ወይም ፕላስቲኩ ከተላቀቀ ውድ ጥገና ይጠብቃችኋል። እያንዳንዱን ፊደል ነክታችሁ ሞክሩ። ነጭ ገጽ ከፍታችሁ ስክሪኑ ላይ ነጠብጣብ ፈልጉ። ካሜራ፣ ድምፅ፣ ዋይፋይና የፍላሽ ቀዳዳዎችን ሁሉ ሞክሩ።

5. ዩቲዩብ ላይ 10 ደቂቃ ቪዲዮ ክፈቱና እጃችሁን ከታቹ አድርጉ። እንደ ምጣድ ከጋለ ወይም ማራገቢያው ከጮኸ ምክንያቱን ጠይቁ።

ክሮምቡክና ማክቡክ

«ሚኒ ላፕቶፕ፣ በርካሽ» ተብሎ የሚሸጠው አንዳንዱ ክሮምቡክ ነው። ለብራውዘር ጥሩ ነው፤ ግን አካውንቲንግ የምትማሩበትን ፒችትሪ አይከፍትም፣ ተራውን የዊንዶውስ ኦፊስም አይጭንም።

ማክቡክ ሥራው ጥሩ ነው፣ ባትሪውም ይቆያል፤ በተለይ ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ የወጡት ኤም የሚባሉት። ግን አፕል አገራችን ውስጥ የራሱ ሱቅ የለውም፣ በእነዚህ ላፕቶፖች ራሙን ኋላ መጨመር አይቻልም፣ ፒችትሪን የመሰሉ የዊንዶውስ ፕሮግራሞችም በቀጥታ አይሠሩበትም። ከመግዛታችሁ በፊት ትምህርት ክፍላችሁ የሚጠቀመውን ፕሮግራም እወቁ።

ከቴሌግራም ስትገዙ

ፎቶ ብቻ አይታችሁ ቀብድ በቴሌብር አትላኩ። አይታችሁ፣ ፈትሻችሁ፣ ከዚያ ክፈሉ። የሻጩ ስም፣ የላፕቶፑ ሴሪያል ቁጥርና የዋስትናው ቀን የተጻፈበት ደረሰኝ ተቀበሉ። «ጋራንቲ አለው» በቃል ከሆነ የለውም ማለት ነው። ዕቃ ይዞ በጉምሩክ ኬላ ለሚያልፍ ሰው ደሞ ደረሰኝ ሌላ ጥቅም አለው፤ የተሰረቀ ወይም ኮንትሮባንድ አለመሆኑን የምታሳዩት በእሱ ነው።

ከገዛችሁ በኋላ

መብራት ሄዶ ሲመለስ ኃይሉ ሊዘልል ይችላል። መብራት ሲጠፋ ቻርጀሩን ከሶኬት ንቀሉ፤ ሲመለስ ጥቂት ደቂቃ ጠብቃችሁ ሰኩ። ቻርጀር ስትተኩ ርካሹን ሳይሆን ቮልቱና ዋቱ የሚመጥነውን ፈልጉ። አልጋና ፍራሽ ላይ አታስቀምጡት፤ የአየር መተንፈሻው ይታፈናል። ይሄ ሐረርም ላይ ይሠራል፣ ሙቀቱ የሚከብደው ድሬዳዋ ላይ ደግሞ ይብሳል። አቧራውን በዓመት አንዴ በባለሙያ አስጠርጉ። በጀጎል ጠባብ ኮብልስቶን መንገድ ወይም በባጃጅ ስትሄዱ ስፖንጅ ያለው ቦርሳ ይኑራችሁ፤ ሻይና ቡናውም ከኪቦርዱ ራቅ ይበል።

የመጨረሻው ደሞ ዋናው ነው። የትኛውም ብራንድ አንድ ቀን ይቆማል። የመመረቂያ ጽሑፋችሁን በየቀኑ ጉግል ድራይቭ ላይ ወይም ቴሌግራም ላይ ለራሳችሁ ልካችሁ አስቀምጡ። ላፕቶፕ በብር ይተካል፤ የ6 ወር ሥራ ግን አይተካም።

ለማጠቃለል፦ ኤችፒ፣ ዴል ወይም ሌኖቮ፤ ከሦስቱ ማንኛውም ይሁን። የመሥሪያ ቤት መስመር፣ 8ኛ ጀነሬሽንና ከዚያ በላይ፣ 8 ጊጋ ራም፣ ኤስኤስዲ፣ ባትሪው የተመረመረ፣ ቁልፍ የሌለበት፣ ደረሰኝ ያለው። ይሄን ያሟላ ካገኛችሁ ስሙ ብዙ አያስጨንቃችሁ።

በዚህ ክረምት ላፕቶፕ ሊገዛ ያሰበ ጓደኛ ካላችሁ ሼር አድርጉለት። ያያችሁትን ሞዴል ስምና ቁጥር ላኩልን፤ አብረን እናየዋለን።