ከአልጋ ሥር ያለው ካሴት እንዴት ሸክላ ይሆናል?

ጂንካ ውስጥ የሸክላ ማጫወቻ ያለው ቤት ለማግኘት ብዙ በር ማንኳኳት ያስፈልጋል። ካሴት የሞላበት ካርቶን ግን ከአልጋ ሥር ወይም ከቁም ሣጥን ላይ የማይታጣበት ቤት ብዙ ነው። ቴፑ ከተበላሸ ቆይቷል፤ ሥራውን ስልክ ወስዶበታል። ካሴቱን ግን ማንም ደፍሮ አይጥለውም። እንዲህ ካሉት ካሴቶች አንዱ ባሕር ዳር ካለ ሱቅ ተገዝቶ ባሕር ማዶ ተሻገረና በ2013 ሸክላ ሆኖ ወጣ (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች፣ ከአንድ የሕግ ቁጥር በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)።

የካሴቱ ባለቤት የዋልያስ ባንድ ኦርጋን ተጫዋች የነበሩት ኃይሉ መርጊያ ናቸው። ከባንዱ ጋር አሜሪካ ሄደው እዚያው ቀሩ። በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ ብቻቸውን ስቱዲዮ ገብተው የወጣትነት መሣሪያቸውን አኮርዲዮንን ከሮድስ ፒያኖ፣ ከሲንተሳይዘርና ከድራም ማሽን ጋር አዋሕደው ቀረጹ። «ሸሞንሟናዬ»ን የያዘው ያ ካሴት አገር ቤት ተሸጠ፣ ተደመጠ፣ ጊዜውም አለፈ። ኃይሉ ታክሲ መንዳት ያዙ፤ ኪቦርዳቸውን ከታክሲው ዕቃ መጫኛ እያወጡ ተሳፋሪ እስኪመጣ ይለማመዱ ነበር። «አውሰም ቴፕስ ፍሮም አፍሪካ» የሚባለውን አሳታሚ የሚመራው አሜሪካዊ ብራያን ሺምኮቪትስ ካሴቱን ባሕር ዳር አግኝቶ ሰማ፤ ከዚያ ስልካቸውን አፈላልጎ ደወለ። ሸክላው በወጣ ማግስት እኚህ ሰው ዓለም አቀፍ መድረክ ላይ ተመለሱ።

በዚያው ዘመን ጣሊያኖችም በተመሳሳይ ማሽኖች ለጭፈራ ቤት ሙዚቃ ይሠሩ ነበር። ኢታሎ ዲስኮ ይባላል። የጋዜቦ «አይ ላይክ ሾፓን» በ1983 ዓለምን ዞሯል፤ ብዙው ሥራ ግን ትንንሽ አሳታሚዎች በጥቂት ቅጂ አውጥተው የረሱት ነው። ዛሬ እነዚያን ሸክላዎች እያደኑ እንደገና የሚያሳትሙ ሰዎች አሉ። ኢትዮጵያዊውንና ጣሊያናዊውን የሚገዛውም ብዙ ጊዜ ያው አንድ ሰው ነው፤ ድራም ማሽን ሲመታ ሲሰማ ልቡ የሚቀልጥ የአውሮፓ ወይም የጃፓን ወጣት። ዋሽንግተን አካባቢ የነበሩት እነ ቴዎድሮስ አክሊሉ፣ ሔኖክ ተመስገንና አበጋዝ ክብረወርቅ ሽዎታ «አድማስ» በሚል ስም በ1984 ያወጡት «ሰንስ ኦፍ ኢትዮጵያ» የተባለው ሸክላም በ2020 ፍሬደሪክስበርግ በሚባል አሳታሚ እንደገና ታትሟል። ለእኔ ጆሮ ከኢታሎ ዲስኮ ጋር ይበልጥ የሚቀራረበው እሱ ነው።

ታዲያ ሥራው እንዴት ይሠራል? ብዙ ሰው ከባዱ ነገር ማተሙ ይመስለዋል። ማተሙ ገንዘብ ካለ ይሆናል። ፈተናው ሁለት ፍለጋ ነው፤ አንደኛው ጥሩ ድምፅ፣ ሁለተኛው ባለቤት።

በድምፁ እንጀምር። ስቱዲዮ ውስጥ የተቀረጸው የመጀመሪያው ክር፣ ማስተር የሚባለው፣ ቢገኝ ጥሩ ነበር። ብዙ ጊዜ አይገኝም፤ ተሰርቆ፣ ሻግቶ፣ በላዩ ሌላ ተቀድቶበት ይጠፋል። ያኔ የሚቀረው ሰው እጅ የገባው ቅጂ ነው። ካሴት ከሆነ ክሩ 4 ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም፤ በሴኮንድ 4.76 ሳንቲሜትር ብቻ እየተጎተተ ድምፁን በሚያነብበው የቴፑ ሄድ ፊት ያልፋል። በዚያች ጠባብ ክር ላይ የሁለቱ ገጾች ሙዚቃ ጎን ለጎን ተቀምጧል። ስለዚህ የማጫወቻው ሄድ ከቀጂው ሄድ በፀጉር ያህል እንኳ ዘመም ካለ ቀጭኑ ድምፅ ይታፈናል፤ ጸናጽሉ ከብርድ ልብስ ሥር እንደሚመታ ሆኖ ይሰማል። ባለሙያው መጀመሪያ የሚያደርገው ሄዱን በካቻቢቴ ጥቂት ጥቂት እያዞረ ድምፁ የሚገለጥበትን ቦታ መፈለግ ነው። ለእያንዳንዱ ካሴት አዲስ ማስተካከያ ይፈለጋል።

ቀጥሎ ፍጥነቱ አለ። ባትሪው በደከመ ቴፕ የተቀዳ ነገር በደህና ቴፕ ሲጫወት ይፈጥናል፤ ዘፋኙም ከራሱ ድምፅ ከፍ ብሎ የሚዘፍን ይመስላል። ትክክለኛው ፍጥነት በምን ይታወቃል? የኃይሉ ዓይነት ሥራ ላይ ኪቦርዱ ይመሰክራል፤ የኤሌክትሪክ ኪቦርድ የድምፅ ከፍታው ከፋብሪካ የተወሰነ ስለሆነ ከእሱ ጋር ማስተያየት ይቻላል። ሌላም ምስክር አለ፤ የመብራቱ እምምታ። ከኤሌክትሪክ መስመር የሚሾልከው ጉምጉምታ ኢትዮጵያ ውስጥ በሴኮንድ 50 ጊዜ፣ አሜሪካ ውስጥ 60 ጊዜ ይርገበገባል፤ ቀረጻው ላይም ሳይታሰብ ይገባል። ባለሙያው ይህን እምምታ ፈልጎ ከለካ፣ ክሩ ምን ያህል እንደፈጠነ ወይም እንደዘገየ ያውቃል። ሌላ ጊዜ ሁላችንም የምንረግመው ጩኸት እዚህ ውለታ ይውላል።

ከዚያ ማጽዳት ይመጣል። እዚህ ላይ አቋም አለኝ። የክሩን ሽሽታ በኮምፒውተር ሙልጭ አድርጎ ማጥፋት ይቻላል፤ ከሽሽታው ጋር ግን የዘፋኙ ትንፋሽና የጸናጽሉ ጭራ አብረው ይሄዳሉ። ትንሽ ሽሽታ የቀረበት ሸክላ ታጥቦ ከደረቀው ይሻላል።

አሁን ድምፁ ወደ ሸክላ ይሄዳል። ሸክላ ላይ ያለው ቦይ ከጠርዝ ተነሥቶ ወደ መሐል የሚጠመዘዝ አንድ መስመር ነው። በደቂቃ 33 ከአንድ ሦስተኛ ዙር እየዞረ 20 ደቂቃ የሚጫወት ገጽ 667 ያህል ዙር አለው፤ ቦዩ ቢዘረጋ 400 ሜትር ያልፋል። የቦዩ ግድግዳ ድምፁ እንደተርገበገበው ሁሉ እየታጠፈ ተቆርጧል። የመርፌዋ አልማዝ ጫፍ በዚያ እየተወዛወዘች ስትሄድ ውዝዋዜዋ ወደ ኤሌክትሪክ ይለወጣል፤ ማጉያው የቀረውን ይሠራል። የቦዩ አንዱ ግድግዳ የግራውን፣ ሌላው የቀኙን ድምፅ ይዟል።

ችግሩ ወፍራም ድምፅ ሰፊ ቦታ መፈለጉ ነው። የቤዝ ጊታሩ ውዝዋዜ እንዳለ ቢቆረጥ ቦዩ ጎረቤቱን ይንድ ነበር። ስለዚህ ሲቆረጥ ወፍራሙ ይቀነሳል፣ ቀጭኑ ይጨመራል፤ ሲጫወት ማጉያው በግልባጩ ይመልሰዋል። ከ1954 ጀምሮ ዓለም በዚህ በአንድ ስሌት ተስማምቷል። የሸክላ ማጫወቻን «ፎኖ» በማይል ቀዳዳ የሰካ ሰው የሳሳና የሚያፏጭ ድምፅ የሚሰማው ይህ ግልበጣ ስለሚቀርበት ነው። የጭፈራ ሙዚቃ አሳታሚዎችም በትልቁ ሸክላ ገጽ ላይ አንድ ዘፈን ብቻ አስቀምጠው በደቂቃ 45 ዙር የሚያስኬዱት ለዚሁ ነው፤ ዘፈኑ አጭር ከሆነ ቦዩ እንደልቡ ይሰፋል፣ ድራሙም ደረት ይመታል።

ሁለተኛው ጣጣ መሐሉ ነው። አውድማ ላይ የተጠመዱ በሬዎችን አስቡ፤ ዳር ያለው ሲንደረደር መሐል ያለው እግሩን ብቻ ያነሣል። በሸክላም ላይ በሴኮንድ ከመርፌዋ ሥር የሚያልፈው ቦይ ጠርዝ ላይ 51 ሳንቲሜትር ገደማ ነው፤ መሐል ሲደርስ ወደ 21 ይወርዳል። ያው ድምፅ ባነሰ ቦታ ይጨናነቃል። በተለይ «ሰ»፣ «ሸ» እና «ጸ» መሐል ላይ ይሰነጠቃሉ። ለዚህ ነው ብልህ አሳታሚ በገጹ መጨረሻ ለስለስ ያለ ዘፈን የሚያስቀምጠው። የካሴትን ቅደም ተከተል እንዳለ ለመጠበቅ የሚከራከሩ አሉ፤ እኔ ከድምፁ ጋር እወግናለሁ።

የቀረው የፋብሪካ ሥራ ነው። ድምፁ መጀመሪያ ላከር በተቀባ የአሉሚኒየም ዲስክ ላይ ይቆረጣል። ይህን ዲስክ የሚሠሩ ድርጅቶች በጣት የሚቆጠሩ ስለነበሩ በ2020 ካሊፎርኒያ ያለው አፖሎ ማስተርስ ሲቃጠል የዓለም ሸክላ አታሚዎች ሁሉ ደነገጡ። የተቆረጠው ዲስክ ብር ይረጭበታል፣ ከዚያ ኒኬል በኤሌክትሪክ ይለበጥበታል። ሽፋኑ ሲላቀቅ ቦዩ ጉብታ ሆኖ የተገለበጠበት ማተሚያ ይሆናል። በሁለት ማተሚያዎች መካከል የጋለ ፕላስቲክ ገብቶ በሃይድሮሊክ ኃይል ይጨፈለቃል፤ አንዱን ሸክላ ለማተም ግማሽ ደቂቃ ግድም ይበቃል። አንድ ማተሚያ አንድ ሺህ ገደማ ካተመ በኋላ ይደክማል፤ አዲስ ይለበጣል። ፕላስቲኩ ሙቀት ስለማይወድ ሸክላ ገዝቶ የቱርሚ ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ የተወ ሰው ሲመለስ የሚያገኘው ሳህን ነው።

አገራችን በዚህ ጨዋታ ውስጥ አዲስ ገቢ አይደለችም። ተሰማ እሸቴ ከ1908 እስከ 1910 ባሉት ዓመታት ጀርመን አገር ድምፃቸውን በሸክላ ቀርጸዋል። በ1969 ደግሞ ወጣቱ አምኃ እሸቴ ሸክላ የማሳተም ብቸኛ መብት የነበረውን የሀገር ፍቅር ማኅበርን ተዳፍረው አምኃ ሪከርድስን ከፈቱ፤ መጀመሪያ ሕንድ፣ ኋላም ሊባኖስ እያሳተሙ አስመጡ። በ1970ዎቹ መጨረሻ ካሴት ገበያውን ሲወስድ የሸክላው ዘመን አበቃ። በ1977 የወጣው የዋልያስ «ቸ በለው» ከመጨረሻዎቹ አንዱ ነው። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ በ1990ዎቹ መጨረሻ የጀመረው «ኢትዮፒክስ» ተከታታይ ሲዲ ያን ዘመን ለዓለም እስኪያሰማ ድረስ ሸክላዎቹ አቧራ ለብሰው ነበር።

ወደ ሁለተኛው ፍለጋ እንለፍ፤ ባለቤት ማን ነው? በአገራችን የቅጂ መብት አዋጅ፣ ቁጥር 410/1996፣ የግጥምና የዜማ ደራሲው መብት ዕድሜውን ሙሉና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ይዘልቃል፤ የተጫዋቹና የአሳታሚው ደግሞ 50 ዓመት ነው። እንግዲህ አንድ አሮጌ ሸክላ አሳታሚው መብቱ አልቆበት የዜማ ደራሲው ገና ባለመብት ሊሆን ይችላል። ታማኝ አሳታሚ ሁሉንም ፈልጎ ያስፈርማል፤ ታማኝ ያልሆነው ካሴቱን ቀድቶ ያትማል። የኃይሉ ነገር የቀለለው ተጫዋቹ በሕይወት ያሉ አንድ ሰው ስለሆኑና ስልካቸውን ስላነሡ ነው።

ደቡብ ኦሞ ላይ ግን ይህ ስልት ይሰናከላል። የሐመር ሙዚቃ በሸክላ ወጥቷል። ጀርመናዊው አንትሮፖሎጂስት ኢቮ ስትሬከር ከባለቤቱ ከጂን ሊዳል ጋር ከ1970 ጀምሮ ሐመር ሲመላለስ የቀዳው ድምፅ በ1979 በርሊን ላይ በሁለት ሸክላ ታትሟል። በ1993 ጂንካ ላይ የተመሠረተውና ከኮረብታው ሆኖ ከተማዋን ቁልቁል የሚያየው የደቡብ ኦሞ የምርምር ማዕከልና ሙዚየምም የእሱ ጥረት ውጤት ነው። ያ ሸክላ ዛሬ እንደገና ይታተም ቢባል ማን ይፈርማል? የበሬ ዝላይ ዘፈን ደራሲው አንድ ሰው አይደለም። ድምፁ የተቀዳው ሰው አለ፣ ቤተሰቡ አለ፣ ዘፈኑን እንደራሱ የሚያውቅ አገር ሙሉ ሰው አለ። ቴክኒኩም ይቸግራል፤ መብራት በሌለበት በባትሪ የተቀዳ ድምፅ የ50 እምምታ የለውም፣ ኪቦርድም የለም። ፍጥነቱ ትክክል መሆኑን ሊናገር የሚችለው ዘፈኑን የሚያውቅ የሐመር ጆሮ ብቻ ነው። እንደ እኔ ሐሳብ ያ ሰው ስቱዲዮ ውስጥ ከባለሙያው ጎን መቀመጥና ስሙም ክፍያውም ውሉ ውስጥ መግባት አለበት።

ቤታችሁ የአሪ፣ የማሌ ወይም የሐመር ሰርግና ለቅሶ የተቀዳበት ካሴት ካለ፣ ወይም ከሙዚቃ ቤት የተገዛ የ1980ዎቹ ካሴት ካለ፣ ዘላችሁ ወደ ቴፕ አትክተቱት። መጀመሪያ ክሩ በሚታይበት ክፍት ጠርዝ በኩል ተመልከቱ፤ ክሩን ወደ ሄዱ የምትገፋው ትንሽ ስፖንጅ ወድቃ እንደሆነ ሌላ ካሴት ውስጥ ካለው ተነቅላ ትለጠፋለች። ክሩ ከላላ በእስክሪብቶ ቀስ ብላችሁ ጠምጥሙት። ወደ ኮምፒውተር ስትቀዱት ያልታመቀውን ዌቭ ፋይል አስቀምጡ፤ ኤምፒ3 ለስልክ ይሁን። ማን እንደዘፈነ፣ የት ቀበሌ፣ በምን በዓል እንደተቀዳ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ሽፋኑ ውስጥ ክተቱ። ከካሴቱ ጀርባ ጠርዝ ላይ ያሉትን ሁለት ትንንሽ ፕላስቲኮችም ስበሯቸው፤ ከዚያ ወዲያ ማንም ሳያውቅ በላዩ ሌላ ነገር አይቀዳበትም።