የደም ቅዳ መጠንከር፣ ግፊትና ስኳር

ልብ ደምን የሚረጨው እያረፈ ነው። አንድ ጊዜ ሲኮማተር 70 ሚሊ ሊትር ያህል ደም ያስወጣል፤ ከዚያ ይላላል፣ እንደገና እስኪሞላም ምንም አያስወጣም። የአንድ ምት ጊዜ ለሦስት ቢከፈል የሚረጨው በአንዱ እጅ ብቻ ነው። ይሁን እንጂ በጣት ጫፍ፣ በኩላሊትና በአንጎል ያሉት እንደ ፀጉር የቀጠኑ ሥሮች ደም የሚያገኙት ያለማቋረጥ ነው። ተቆራርጦ የሚወጣውን ወደማይቋረጥ ፍሰት የሚለውጡት ደም ቅዳዎች፣ ማለትም ደምን ከልብ ወደ አካል የሚያደርሱት ቧንቧዎች ናቸው። ከእነሱም ዋናው አኦርታ ነው።

አኦርታ ከልብ ሲነሣ የአውራ ጣት ያህል ውፍረት አለው። ልብ ሲረጭ ግድግዳው ይለጠጥና ከወጣው ደም ግማሽ ያህሉን ለጊዜው ያቆያል፤ ልብ ሲያርፍ እየተሰበሰበ ያቆየውን ወደ ፊት ይገፋል። ይህን ጠባይ ቀድሞ ያስተዋለው እንግሊዛዊው ቄስ ስቲቨን ሄልስ ነው። ሄልስ በፈረስ ደም ቅዳ ላይ ረጅም የመስታወት ቱቦ ሰክቶ ደሙ 2 ሜትር ተኩል ያህል ሲወጣ ያየ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1733 ባሳተመው መጽሐፉ ደም ቅዳን በዘመኑ የእሳት ማጥፊያ ፓምፖች ላይ ከነበረው የአየር ጋን ጋር አመሳስሎታል። ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ቅርብ የሚሆነው ግን የቀጥቃጭ ወናፍ ነው። ወናፉ ሁለት የሆነው አንዱ አየር ሲስብ ሌላው እንዲነፋና ፍሙ ነፋስ እንዳያጣ ነው። ወደ አካል የሚረጨው ግራው ልብ ሁለተኛ ወናፍ የለውም፤ ያንን ሥራ የሚሠራለት አኦርታ ነው።

የመለጠጥ ኃይሉ የሚገኘው ከግድግዳው መካከለኛ ድርብ ነው። በዚያ ኢላስቲን የተባለው እንደ ላስቲክ የሚሳብ ፕሮቲን ከኮላጅን ጋር ተጎንጉኖ ይገኛል። ኮላጅን እንደ ጠፍር ነው፤ እንዳይቀደድ አጥብቆ ይይዛል እንጂ እምብዛም አይለጠጥም። ኢላስቲን በብዛት የሚሠራው በማህፀንና በልጅነት ሲሆን ከዚያ በኋላ የተበጠሰው አይተካም ማለት ይቻላል። ልብ በቀን 100,000 ጊዜ ያህል፣ በ70 ዓመት ደግሞ 2 ቢሊዮን ተኩል ጊዜ ያህል ይመታል፤ በየምቱ የሚሳበው ክር ከዓመታት በኋላ መሰነጣጠቅ ይጀምራል። ክሩ ሲበጠስ ሸክሙ ወደ ጠፍሩ ይዞራል፤ ሰውነትም ተጨማሪ ኮላጅን ያነጥፍበታል። ፀሐይ ላይ የከረመ የውሃ ጎማ ሲጨብጡት እንደሚገግም፣ ቧንቧውም ይገግማል።

ይህ ለውጥ በተለምዶ “ደም ሥሩን ስብ ደፈነው” ከሚባለው ሕመም የተለየ ነው። ስብ የሚከማቸው በግድግዳው የውስጥ ገጽ ላይ፣ እዚህም እዚያም ሆኖ ነው፤ መንገዱን ያጠብባል። መጠንከር ግን መካከለኛውን ድርብ ዳር እስከ ዳር ይይዛል፤ መንገዱ ሰፊ እንደሆነ ግድግዳው ብቻ ሊደርቅ ይችላል። ሁለቱ ብዙ ጊዜ በአንድ ሰው ላይ ስለሚገናኙ መምታታቱ አይገርምም።

ግድግዳው ሲጠነክር ያው 70 ሚሊ ሊትር ደም የሚገባው እሺ በማይል ቧንቧ ውስጥ ስለሆነ የላይኛው ግፊት ወደ ላይ ይተኮሳል። ለእረፍቱ ጊዜ የሚቆይ ደም ስለሚያንስ ደግሞ የታችኛው ይወርዳል። 120 በ80 የነበረው ቀስ በቀስ 160 በ70 ሊሆን ይችላል፤ በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ርቀት ከ40 ወደ 90 ሰፋ ማለት ነው። ታማሚው “የታችኛው እንኳ ጥሩ ነው” ብሎ ይጽናና ይሆናል። በዕድሜ በገፋ ሰው ላይ ግን የላይኛው ከፍ ብሎ የታችኛው ዝቅ ማለቱ ራሱ የቧንቧው መድረቅ ምልክት ነው። በወጣትነት የሚመጣ ግፊት ብዙውን ጊዜ ትናንሾቹ ደም ቅዳዎች በመጥበባቸው ስለሆነ የታችኛውንም ቁጥር ይዞ ይወጣል፤ አመጣጡ ሌላ ነው።

ሁለተኛው ለውጥ የሞገዱ ነው። እጅ አንጓ ላይ የሚዳሰሰው ትርታ የደሙ መንጎድ ሳይሆን በግድግዳው ላይ የሚሮጥ ሞገድ ነው፤ ደሙ ራሱ ከኋላ ቀስ ብሎ ይመጣል። የክራር ጅማት በተወጠረ ቁጥር ንዝረቱ እንደሚፈጥን ሁሉ የጠነከረ ቧንቧም ሞገዱን ያፈጥነዋል። በጤነኛ ወጣት አኦርታ ላይ ፍጥነቱ በሴኮንድ 5 ወይም 6 ሜትር ያህል ሲሆን በሸመገለ ቧንቧ ከ10 ሜትር ያልፋል። ሞገዱ ቧንቧዎች ከሚቀጥኑበትና ከሚከፋፈሉበት ቦታ ነጥሮ ይመለሳል። በወጣት ላይ የሚመለሰው ልብ ረጭቶ ሲጨርስ ስለሆነ በእረፍቱ ጊዜ ለልብ ጡንቻ የሚደርሰውን ደም ያግዛል። በጠነከረ ቧንቧ ግን ቶሎ ይደርስና ልብ ገና እየረጨ ሳለ ከፊቱ ይቆምበታል። ልብም ያንን ገፍቶ ለማለፍ ጡንቻው ይወፍራል።

ከመጠንከሩና ከግፊቱ የቱ ይቀድማል የሚለው ጥያቄ ሐኪሞችን ለረጅም ጊዜ አከራክሯል። በሃያኛው ክፍለ ዘመን ብዙዎች የላይኛው ግፊት ከዕድሜ ጋር መውጣቱን የተፈጥሮ ነገር አድርገው ያዩት ነበር፤ “100 ሲደመር ዕድሜ” የሚል መለኪያም ነበራቸው። ያንን ያናጋው እ.ኤ.አ. በ1991 ይፋ የሆነ የአሜሪካ ጥናት ነው። ዕድሜያቸው 60 እና ከዚያ በላይ ሆኖ የላይኛው ግፊት ብቻ የናረባቸው ሰዎች መድኃኒት ሲወስዱ ስትሮክ ከሦስት እጅ አንድ በላይ ቀነሰላቸው። እ.ኤ.አ. ከ1948 ጀምሮ የፍራሚንግሃም ከተማን ነዋሪዎች ሲከታተል የኖረው ጥናት ደግሞ በ2012 ባወጣው ውጤት፣ ቧንቧቸው ጠንክሮ የተገኘ ሰዎች ከዓመታት በኋላ ግፊት እንደያዛቸው አሳየ። ስለዚህ መጠንከሩ ግፊቱን ሊቀድም ይችላል። ግፊቱ ከመጣ በኋላም ክሩን እየበጠሰ፣ ግድግዳውን እያወፈረ መጠንከሩን ያፋጥነዋል። በአማዞን ደን የሚኖሩት፣ ጨው የማይጨምሩ ያኖማሚዎች በአማካይ 95 በ61 ያህል ግፊት እንደያዙ ይሸመግላሉ፤ የግፊት ከዕድሜ ጋር መውጣት የግድ አለመሆኑን የሚያሳዩት እነሱ ናቸው።

ስኳር የሚገባው በኬሚስትሪ በኩል ነው። ቡና ምጣድ ላይ ሲቆላ ስኳርና ፕሮቲን ተያይዘው ቡናማ ቀለምና መዓዛ ይፈጥራሉ፤ የድፎ ዳቦ ቅርፊትም እንዲሁ። ይህን ውህደት ፈረንሳዊው ሉዊ ካሚይ ማያር እ.ኤ.አ. በ1912 ገልጾታል። ያው ነገር በሰውነት ሙቀት፣ ያለ ምጣድ፣ እጅግ በዝግታ ይካሄዳል፤ የደም ስኳር በበዛ ቁጥር ይፈጥናል። ስኳሩ በኮላጅን ክሮች መካከል እንደ ሙጫ ገብቶ አንዱን ከሌላው ያጣብቃል፤ የተጣበቀ ጠፍር አይንሸራተትም፣ ግድግዳው ይደርቃል። የስኳር ታማሚዎች በየሦስት ወሩ የሚያደርጉት የሄሞግሎቢን ምርመራም የሚለካው ይህንኑ መጣበቅ ነው። ልዩነቱ በዕድሜ ነው፦ ቀይ የደም ሴል 120 ቀን ያህል ኖሮ ይተካል፤ የቧንቧው ኮላጅን ግን ለዓመታት ይቆያል። ስኳሩ ዛሬ ቢስተካከልም የቀደሙት ዓመታት ሙጫ እዚያው ነው።

ሙጫው ብቻውን አይደለም። ኢንሱሊን በደንብ በማይሠራበት ሰውነት የቧንቧው ውስጠኛ ሽፋን ጡንቻውን የሚያላላውን ናይትሪክ ኦክሳይድ በቂ አድርጎ አያመነጭም፤ ኩላሊትም ጨው ይይዛል። በቆየ ስኳር ደግሞ በመካከለኛው ድርብ ካልሲየም ይጋገራል። ሁለተኛው ዓይነት ስኳር ካለባቸው ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ግፊትም ያለባቸው መሆኑ የአጋጣሚ ጉዳይ አይደለም።

ጉዳቱ ጎልቶ የሚታየው ብዙ ደም በሚያልፍባቸውና መግቢያቸው ሰፊ በሆነው በኩላሊትና በአንጎል ላይ ነው። አኦርታ ሳያለዝበው የቀረው ምት ወደ ቀጫጭኖቹ ሥሮች እንዳለ ይደርስና ይደበድባቸዋል። ኩላሊት ሲጎዳ ግፊቱ ይብስበታል። የልብ ጡንቻ ራሱ ደም የሚያገኘው በአብዛኛው በእረፍቱ ጊዜ በመሆኑ የታችኛው ቁጥር በጣም መውረድ እሱንም ያስርበዋል።

በጤና ጣቢያ ነርሷ ክንድ ላይ የምትጠመጥመው ጨርቅ ደም ቅዳውን ተጭኖ ይዘጋዋል፤ አየሩን ስትለቅ የምትሰማው የመጀመሪያው “ቱክ” የላይኛው፣ ድምፁ የሚጠፋበት የታችኛው ቁጥር ነው። ዘዴው የሩሲያዊው ኮሮትኮቭ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1905 ጀምሮ ብዙም አልተለወጠም። ካልሲየም የጋገረው ቧንቧ ግን ተጨምቆ አልዘጋም ይላል። በስኳር ታማሚ ቁርጭምጭሚት ላይ የሚለካው ግፊት ከክንዱ ከ1.4 እጥፍ በላይ ከሆነ፣ የእግሩ የደም ዝውውር ጥሩ ነው ማለት ሳይሆን ቧንቧው ደርቋል ማለት ነው። ደህና የታጠቁ ሆስፒታሎች አንገትና ብሽሽት ላይ መዳሰሻ አድርገው የሞገዱን ፍጥነት ይለካሉ። ያ በሌለበት የታችኛውን ቁጥር ከላይኛው መቀነስ ይቻላል፤ በሸመገለ ሰው ላይ ልዩነቱ ከ60 ካለፈ ማስጠንቀቂያ ነው።

የተበጠሰው ኢላስቲን አይመለስም። ሙጫውን ይቆርጣል ተብሎ የተሞከረው አላጌብሪየም የተባለ መድኃኒትም ለገበያ ሳይበቃ ቀርቷል። ይሁንና ከመጠንከሩ ከፊሉ የግፊቱ ውጥረትና የጡንቻው መኮማተር ስለሆነ ሊላላ ይችላል። ኢናላፕሪልና አምሎዲፒን ግፊቱን ሲያወርዱ ግድግዳውም ከውጥረት ያርፋል፤ የእግር ጉዞና ሲጋራ መተው ይረዳሉ። ጨው መቀነስም እንዲሁ፤ በርበሬው ሲዘጋጅ የገባው ጨው፣ ወጡ ላይ የሚጨመረው ሳይቆጠር፣ ቀላል አይደለም።

ሕክምናው ጥንቃቄ የሚሻበት አንድ ቦታ አለ። የግፊትን መውጣትና መውረድ ለአንጎል የሚነግሩት ነርቮች አንገት ባለው ደም ቅዳና በአኦርታ ግድግዳ ውስጥ ተቀምጠው መለጠጡን ይከታተላሉ። የማይለጠጥ ግድግዳ በደንብ አይነግራቸውም፤ ስኳር ነርቮቹን ከጎዳ ደግሞ ይብሳል። እንዲህ ያለ ሰው ተኝቶ 170 የነበረው ግፊቱ ድንገት ሲነሣ 130 ሊወርድና ዓይኑ ሊጨልምበት ይችላል። በዚህ ምክንያት መድኃኒት ከመጨመሩ በፊት የአዛውንትና የስኳር ታማሚ ግፊት ተቀምጠውም ቆመውም ይለካል።