ፋንና ኤርባግ፦ በባሌ ደጋ የአውቶሞቢል ኤሌክትሪክ ብልሽት ፍለጋ

የአውቶሞቢል ፋንና ኤርባግ ከአንድ ባትሪ የሚመገቡ፣ አፈታተሻቸው ግን ፈጽሞ የሚለያይ ሁለት የኤሌክትሪክ ሥርዓቶች ናቸው። የፋን ብልሽት ሞተር ያበላሻል፤ የኤርባግ ብልሽት በአደጋ ቀን የሰው ሕይወት ያስከፍላል። በሮቤና በጎባ ጋራዦች ሁለቱም ከቀድሞው የበለጠ ትኩረት ይሻሉ። የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር ከኤሌክትሪክ መኪና በስተቀር ሌላ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑን በጥር 2016 ዓ.ም. አስታውቋል። ከዚያ አራት ዓመት ቀድሞ የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ደግሞ ያገለገሉ መኪኖችን ዕድሜያቸው በገፋ ቁጥር ከበድ ያለ ታክስ አሸክሟቸዋል። ስለዚህ ዛሬ መንገድ ላይ ያለው ኮሮላና ቪትዝ ተተኪ ሳይመጣለት ብዙ ዓመት ሊነዳ ነው። ሽቦው፣ ሶኬቱና ሪሌው አብረውት ያረጃሉ።

ሁሉም ተሽከርካሪ በዚህ ጉዳይ ውስጥ አይገባም። ከተሞቹን የሞላው ባጃጅ በአየር ስለሚቀዘቅዝ ራዲያተር የለውም፤ ኤርባግም የለውም። ስንዴ የሚጭነው አይሱዙና ጎብኚ ይዞ ወደ ባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የሚወጣው አሮጌ ላንድክሩዘር ፋናቸው በሞተሩ ኃይል ስለሚዞር ብልሽቱ የሚፈለገው ከቺንጋውና ከፋን ክላቹ ነው። የኤሌክትሪክ ፋን ጉዳይ የትንንሾቹ አውቶሞቢሎች ጉዳይ ነው።

በሁለቱም ሥርዓቶች ፍተሻ የሚጀምረው ከባትሪው ነው። ሞተሩ ጠፍቶ 12.6 ቮልት አካባቢ፣ ሞተሩ እየሠራ ደግሞ ከ13.5 እስከ 14.5 ቮልት ካልተገኘ ከዚያ በኋላ የሚነበብ ኮድ ሁሉ ያጠራጥራል፤ የደከመ ባትሪ ብቻውን የኤርባግ መብራት ሊያበራ ይችላል። ከባትሪው ቀጥሎ ፊውዝ፣ ከዚያ ሪሌ፣ ከዚያ ማሳ፣ ማለትም ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ የሚመለሰው መስመር፣ ይታያል። ስካነር የሚያወጣው ኮድ የሚጠቁመው መስመርን ነው፤ የተበላሸውን ዕቃ ፈልጎ ማግኘት የባለሙያው ሥራ ነው። ፒ0118 የሚል ኮድ ሲመጣ ብዙ ጊዜ «የሙቀት ሴንሰሩ ሞቷል» ተብሎ አዲስ ይገዛል። ኮዱ የሚለው ግን ከሴንሰሩ ወደ ሞተሩ ኮምፒዩተር በሚሄደው መስመር ላይ የተቋረጠ ሽቦ የሚያሳየው ዓይነት ከፍተኛ ቮልት ታይቷል ነው። ሶኬቱ ውስጥ የገባ ዝገትም ይህንኑ ኮድ ያወጣል። የቶዮታ ሴንሰር በ20 ዲግሪ ከ2 እስከ 3 ኪሎ ኦም፣ በ80 ዲግሪ ደግሞ ከ0.2 እስከ 0.4 ኪሎ ኦም ካሳየ ጤነኛ ነው። ይህን ለማወቅ አንድ ድስት ሙቅ ውሃ፣ ቴርሞሜትርና ቴስተር ይበቃሉ። ሦስቱ በእጅ ሳሉ ሴንሰር በግምት መለወጥ የደንበኛን ገንዘብ ማባከን ነው።

ፋኑ ትእዛዝ የሚቀበልበት መንገድ እንደ መኪናው ዘመን ይለያያል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ በተሠሩ ብዙ ኮሮላዎች ትእዛዙን የሚሰጠው በውሃው መስመር ላይ የተገጠመ የሙቀት ስዊች ነው። ስዊቹ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ መስመሩን አገናኝቶ ይቆያል፤ ውሃው 93 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይለያየዋል፤ ያኔ ፋኑ ይነሳል። ስለዚህ በእነዚህ መኪኖች የስዊቹ ሶኬት ሲነቀል ፋኑ መዞር አለበት። በሌሎች ብዙ መኪኖች ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ ፋኑ የሚነሳው ሁለቱ ሽቦዎች ሲገናኙ ነው። የአንዱን ሕግ በሌላው ላይ የሞከረ ሰው ደህናውን ፋን ተቃጥሏል ብሎ ይጥለዋል። በቪትዝና በኋለኞቹ ኮሮላዎች ትእዛዙ የሚመጣው ከሞተሩ ኮምፒዩተር ነው። ኤሲ ባላቸው መኪኖች ፈጣን መለያ አለ፦ ኤሲው ሲከፈት ፋኑ ዞሮ በሙቀት ጊዜ ብቻ እምቢ ካለ፣ ሞተሩና ማሳው በአብዛኛው ደህና ናቸው፤ ጥርጣሬው ወደ ሴንሰሩና ወደ ትእዛዙ መስመር ይዞራል።

ፋኑ እየዞረ የሚደክምበት ጉዳይ ይበልጥ አሳሳች ነው። የትንሽ መኪና ፋን 10 አምፔር አካባቢ ይስባል። ማሳው ላይ የ0.2 ኦም ዝገት ብቻ ቢኖር 2 ቮልት በመንገድ ይቀራል፤ ፋኑ ይዞራል፣ አየር ግን በበቂ አይስብም። ቴስተሩን ኦም ላይ አድርጎ መለካት ይህን አያሳይም። ፋኑ እየዞረ ሳለ ከፋኑ የማሳ ጫፍ እስከ ባትሪው ኔጌቲቭ ያለው ቮልት ሲለካ ነው እውነቱ የሚወጣው፤ ከ0.2 ቮልት እጅግ ከበለጠ ማሳው ይፈታ፣ ይፋቅ፣ ተመልሶ ይታሰር። ቴስተር በሌለበት የ21 ዋት የፍሬቻ አምፖል ሁለት ሽቦ ተበይዶበት ጥሩ መፈተሻ ይሆናል። ወደ 1.75 አምፔር ስለሚስብ በአንድ ክር ብቻ የተንጠለጠለ ሽቦን ያጋልጣል። ይህ አምፖል ከፋን መስመር ውጪ የት መድረስ እንደሌለበት ኤርባግ ላይ ሲደረስ ይታያል።

በባሌ ከዚህ ሁሉ በላይ የሚመዝነው ከፍታው ነው። ሮቤ ከባሕር ጠለል በላይ 2,490 ሜትር አካባቢ፣ ጎባ ደግሞ 2,740 ሜትር አካባቢ ላይ ይገኛሉ። ከጎባ ወደ ደሎ መና የሚወስደው መንገድ የሳነቴን አምባ ሲያቋርጥ ከ4,000 ሜትር ያልፋል፤ 4,377 ሜትር ከፍታ ካለው ከቱሉ ዲምቱ አጠገብ አልፎ በሐረና ጫካ በኩል ይወርዳል። ክፍት ዕቃ ውስጥ ያለ ውሃ ሮቤ ላይ በ92 ዲግሪ ገደማ፣ ሳነቴ ላይ በ87 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። የፋኑ ስዊች ደግሞ የሚጠብቀው 93 ዲግሪን ነው። ጤነኛ የራዲያተር ክዳን 1 ባር ያህል ተጨማሪ ግፊት አፍኖ ስለሚይዝ ሳነቴ ላይ እንኳ ውሃው እስከ 113 ዲግሪ አካባቢ ሳይፈላ ይቆያል። የክዳኑ ጎማ ከደረቀ ወይም ስፕሪንጉ ከላላ ግን ውሃው ፋኑ ከመታዘዙ በፊት ይፈላል። ሹፌሩ ዳገት መሐል ኮፈኑን ሲከፍት እንፋሎት ያያል፤ ፋኑ ቆሟል። «ፋኑ አልሠራም» ይላል፤ ፋኑ ግን ገና አልተጠራም ነበር። ሽቦ ሲበጣጠስ፣ ሪሌ ሲለወጥ ይዋላል፤ ጥፋቱ የክዳኑ ነው። በባሌ ደጋ ለሚሠራ ጋራዥ ከሞቀ መኪና ላይ መጀመሪያ መፈተሽ ያለበት ዕቃ፣ ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ፣ የራዲያተር ክዳን ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከፍታው ሌላም ነገር ያመጣል። 4,000 ሜትር ላይ አየሩ ከባሕር ጠለሉ ሁለት ሦስተኛ ያህል ብቻ ስለሚከብድ ፋኑ በአንድ ዙር የሚገፋው አየር ያንሳል፤ በደከመ ፋን የሚነዳ መኪና ቆላ ላይ የደበቀውን ድክመት እዚህ ያወጣል። ሌሊት ደግሞ ሳነቴ ላይ ሙቀቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ ኩላንት ያልተቀላቀለበት ውሃ በረዶ ሆኖ ራዲያተር ይሰነጥቃል። መኪናው መቼ እንደሚሞቅም መጠየቅ ይጠቅማል። ቀስ ብሎ ሲወጣ ወይም ቆሞ ሲሠራ ከሞቀ ፋኑ ይጠረጠራል፤ ሜዳ ላይ በፍጥነት ሲሄድ ከሞቀ ግን ነፋሱ የፋኑን ሥራ ስለሚሠራ ጥርጣሬው ወደ ተደፈነ ራዲያተር ወይም ወደ ውሃ ፓምፕ ይሄዳል።

ይህን ፍለጋ ለመዝለል የተፈጠረው መላ «ዳይሬክት» ይባላል፦ ቁልፍ ሲከፈት ፋኑ ያለማቋረጥ እንዲዞር ከሪሌው ጀርባ ሽቦ ይወጣል። ብዙ ጊዜ ከጎኑ ተርሞስታቱም ይነቀላል። ገደል አፋፍ ላይ የቆመን መኪና ጎባ ለማድረስ ዳይሬክት ማድረግ ተገቢ ነው። እንደ ጥገና ግን ስህተት ነው። የፋኑ ካርቦን ያለ ዕረፍት ያልቃል፤ ያለ ፊውዝ የተዘረጋ ሽቦ እሳት ያስነሳል። ተርሞስታት የተነቀለበት ሞተር ደግሞ በሮቤ ብርድ ወደ ሥራ ሙቀቱ ለመድረስ ስለሚቸገር ኮምፒዩተሩ ቤንዚን ይጨምርለታል። ከሁሉም የሚከፋው፣ ዳይሬክት የተደረገ ፋን አንድ ቀን ሲቆም ብዙ ጊዜ የሚታወቀው የቴስታታው ጋርኒሲዮን ከተቃጠለ በኋላ መሆኑ ነው። አዲሶቹ የኤሌክትሪክ መኪኖችም ፋን አላቸው፤ ቻርጅ ላይ ሳሉ ያለ ቁልፍ በድንገት ሊነሳ ስለሚችል ኮፈኑ ሥር እጅ የሚያስገባ ሰው ሊያውቀው ይገባል።

ኤርባግ ሌላ ሥነ ሥርዓት ይጠይቃል። አሜሪካዊው ጆን ሄትሪክ እ.ኤ.አ. በ1953 የባለቤትነት መብት ያገኘበት ሐሳብ በመርሴዲስ መኪኖች ላይ የተገጠመው በ1980ዎቹ መባቻ ሲሆን፣ አሜሪካ በአውቶሞቢሎች ላይ የግዴታ ያደረገችው በ1998 ሞዴል ነው። ከመሪው መሐል ያለው ማቀጣጠያ 2 ኦም ገደማ ብቻ ነው። የኤርባጉ ኮምፒዩተር ቁልፍ ሲከፈት በጣም ትንሽ ጅረት አሳልፎ መስመሩን ይለካል፤ ግጭት ሲሰማ ደግሞ ለማፈንዳት 1.2 አምፔር ገደማ ለ2 ሚሊ ሰከንድ ይበቃዋል። የፋኑን መስመር በታማኝነት የሚፈትነው የ21 ዋት አምፖል ከዚህ በላይ ይስባል፤ የኤርባግ መስመር መለያ በሆነው ቢጫ ሶኬት ላይ ከተነካ ኤርባጉን መካኒኩ ፊት ላይ ያፈነዳዋል። የቴስተር ኦምም ማቀጣጠያው ላይ ቀጥታ አይለካም። የባትሪው ኔጌቲቭ ከተነቀለ በኋላ ቶዮታ ቢያንስ 90 ሰከንድ፣ ሌሎች አምራቾች እስከ 3 ደቂቃ መጠበቅን ያዛሉ፤ በኮምፒዩተሩ ውስጥ የተጠራቀመው ጉልበት እስኪፈስ ድረስ ነው።

ኮዱን ማንበብ ራሱ ያስቸግራል። በስልክ የሚሠራው ርካሽ ኢኤልኤም 327 የሚያነበው የሞተር ኮዶችን ነው፤ የኤርባጉን «ቢ» ኮዶች በተለመደው መንገድ አያገኛቸውም። በብዙ የቀድሞ ቶዮታዎች ግን ስካነር ሳያስፈልግ፣ ከመሪው ሥር ባለው ሶኬት 13ኛውን እና 4ኛውን ፒን በማገናኘት የኤርባግ መብራቱ ኮዱን በብልጭታ እንዲናገር ማድረግ ይቻላል። ቢ0100 የሹፌሩ መስመር ተነካክቷል፣ ቢ0101 ተቋርጧል ማለት ነው። የኤርባግ መብራቱ በርቶ ክላክሱም ከጠፋ ጥርጣሬው በመሪው ውስጥ ወደተጠቀለለው ስፓይራል ኬብል ይሄዳል፤ የኤርባጉም የክላክሱም መስመር በእርሱ ስለሚያልፉ። ወንበር ሲንሸራተት የሚበራና የሚጠፋ መብራት ከወንበሩ ሥር ያለውን ሶኬት ይጠቁማል። ቢጫ ሶኬቶች ሲለያዩ የኤርባጉን ሁለት ጫፍ ራሱ የሚያገናኝ ስፕሪንግ አላቸው፤ ስለዚህ በደንብ ያልተገፋ ሶኬት የ«ተነካክቷል» ኮድ ያወጣል። ብዙ ኤርባጎች የሚጣሉት ሶኬቱን ጠቅ እስኪል ባለመግፋት ነው።

ቪትዝ ላይ የተለየ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ቪትዝ የጃፓን ገበያ ስም ነው፤ የጃፓን መኪና መሪው በስተቀኝ ነው። መሪያቸው በሌላ አገር ወደ ግራ ተዛውሮ የገቡ መኪኖች ውስጥ የኤርባግ ሽቦ ተቆርጦ ተቀጥሎ ሊገኝ ይችላል፤ በቴፕ የተጠቀለለ ቢጫ ሽቦ ከታየ ፍለጋው ከዚያ ይጀመር።

አከራካሪው ጉዳይ ግን መብራቱን የማጥፋት ንግድ ነው። አንዳንዱ አምፖሉን ይነቅላል፤ አንዳንዱ የመብራቱን ሽቦ ከዘይት መብራቱ ጋር ያገናኘዋል። የተሻለ ዕውቀት ያለው ደግሞ በኤርባጉ ቦታ የ2 ኦም ሬዚስተር ይተክላል፤ ኮምፒዩተሩ ኤርባግ ያለ መስሎት ዝም ይላል። ሬዚስተር ለፍተሻ ጊዜ ብቻ ሲገባ ትክክለኛ ዘዴ ነው፦ መብራቱ ከጠፋ ጥፋቱ የኤርባጉ፣ ካልጠፋ የሽቦው መሆኑን ይለያል። ተሸፍኖ ሲቀር ግን ለሚቀጥለው ገዢ የተነገረ ውሸት ነው። የሚከላከሉት ወገኖች የኤርባጉ ዋጋ ከመኪናው ባለቤት አቅም በላይ ነው ይላሉ፤ ይህ እውነት ነው። መልሱ ግን መብራቱን አብርቶ መተውና ለባለቤቱ መንገር ነው፤ የበራ መብራት ቢያንስ ቀበቶውን ያስታውሳል። ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰው ቁልፉን ሲከፍት መብራቱ በርቶ ጥቂት ሰከንድ ቆይቶ ለብቻው መጥፋት አለበት፤ ጨርሶ ካልበራ ወይም ከዘይት መብራቱ እኩል ከጠፋ አንድ ሰው ነክቶታል። በኤሌክትሪክ መኪና ደግሞ በግጭት ጊዜ ከፍተኛው ቮልት እንዲቋረጥ የሚያዘው ምልክት ከኤርባግ ኮምፒዩተሩ ስለሚመጣ፣ በዚያ መስመር ላይ መቀለድ ከአደጋው በኋላ የሚረዱ ሰዎችንም አደጋ ላይ ይጥላል።

የጠፋ መብራትም ሁልጊዜ ዋስትና አይደለም። የጃፓኑ ታካታ የሠራቸው ማፈንጃዎች በአሞኒየም ናይትሬት የሚሠሩ ነበሩ፤ ሙቀትና እርጥበት ለዓመታት ሲፈራረቁባቸው ዱቄቱ ይደክምና በፍንዳታው ጊዜ የብረት ስብርባሪ ይረጫሉ። በአሜሪካ ብቻ 67 ሚሊዮን ያህል ማፈንጃዎች ለቅያሬ ተጠርተዋል፤ ከ20 በላይ ሰዎች ሞተዋል፤ ኩባንያውም እ.ኤ.አ. በሰኔ 2017 የመክሰር አቤቱታ አቅርቧል። ከተጠሩት መኪኖች ውስጥ ኮሮላ፣ ራቭ 4፣ ያሪስና ቪትዝ አሉ። በእነዚህ መኪኖች ላይ ኤሌክትሪኩ ጤነኛ ነው፤ ቴስተርም ሆነ ስካነር ጉዳቱን አያይም። በየአገሩ ዞሮ የገባ ያገለገለ መኪና የጥሪ ደብዳቤ አይደርሰውም። የሻንሲ ቁጥሩ ግን ሊብሬው ላይ ተጽፏል፤ ከጃፓን የመጣ ቶዮታ ጥሪ እንዳለበት በቶዮታ ጃፓን ድረ ገጽ በዚሁ ቁጥር ማጣራት ይቻላል፤ ባለመኪናዎች ዛሬውኑ ያጣሩ።